«ሐዋላ» የባንክ ቃል ነው ወይስ የጥቁር ገበያ? ትርጉሙና አመጣጡ

ተርጓሚው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጎም የባንክ ሰነድ አለ፤ አናቱ ላይ «የውጭ ሐዋላ ክፍያ ደረሰኝ» ይላል። የሚቀርበው አውሮፓ ላለ ባንክ የገንዘብ ምንጭ ማስረጃ ሆኖ ነው። «ሐዋላ»ን በድምፁ እንዳለ ላስቀምጠው ብል፣ ቃሉ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ተቀምጧል፤ ፍቺው ደግሞ ከባንክ ውጭ በመተማመን የሚደረግ የገንዘብ ዝውውር ነው። እኛ አገር ግን ባንኮች በራፋቸው ላይ በትልቁ ይጽፉታል። አንዱ ቃል እንዴት ሁለት ጠባይ ያዘ? ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣ የምታውቁ ብታስረዱኝ። ደግሞስ «ሐዋላ» ነው፣ «ሀዋላ» ነው ወይስ «ሃዋላ»?

ሥርወ ቃል

ከመጨረሻው ልነሳ። ቃሉ ዐረብኛ ነው። የመጀመሪያው ፊደሉ ከጉሮሮ የሚወጣው ሐ ስለሆነ በትክክል የሚወክለው ሐመሩ «ሐ» ነው። «ሃ» ብሎ በራብዕ መጻፍ አያስፈልግም፤ «ሐ» በግዕዙም ቢሆን በአማርኛ አፍ «ሃ» ተብሎ ነው የሚነበበው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ ግን ሦስቱንም ሞክር፤ መሥሪያ ቤቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም።

ሥሩ ሐ-ወ-ለ ነው። መለወጥ፣ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መዞር ማለት ነው። ዐረቦች የባንክ ዝውውርን «ተሕዊል» የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው። በእስልምና ሕግ «ሐዋላ» የተወሰነ ፍቺ ያለው የውል ዓይነት ነው፦ ዕዳን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር። ባለዕዳው «ሙሒል» ይባላል፣ አበዳሪው «ሙሓል»፣ ዕዳው የሚዞርበት ሦስተኛ ሰው «ሙሓል ዐለይህ»። የኦቶማኖቹ የፍትሐ ብሔር ሕግ «መጀሌ» ቃሉን የተረጎመው በአንቀጽ 673 ሲሆን የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ዕዳን ከአንድ ሰው ኃላፊነት ወደ ሌላ ሰው ኃላፊነት ማሸጋገር።

እዚህ ላይ ልብ በል፤ ትርጓሜው ውስጥ «ገንዘብ» የሚንቀሳቀስበት ቦታ የለም። የሚንቀሳቀሰው ዕዳው ነው። እኔ አንተ ጋ 1,000 ብር አለብኝ፣ እከሌ ደግሞ እኔ ጋ 1,000 ብር አለበት። «ከእከሌ ተቀበል» እልሃለሁ። ከተስማማህ እኔ ከመሀል ወጣሁ። ሦስት ሰው ከሌለ ሐዋላ የለም። ይህን ሦስት ማዕዘን ያዝልኝ፣ የኋላውን ሁሉ የሚፈታው እሱ ነው።

በነገራችን ላይ ሦስተኛው ሰው ከስሮ መክፈል ቢያቅተውስ የሚለው ላይ የእስልምና ሕግ መዝሀቦች (የአተረጓጎም ወገኖች) ይለያያሉ። ሐነፊዎቹ አበዳሪው ወደ መጀመሪያው ባለዕዳ የሚመለስበትን በር ይተዋሉ፤ ሌሎቹ በጥቅሉ ይዘጉታል። ዛሬ «ባንኩ ልኬያለሁ ይላል፣ ተቀባይ አልደረሰኝም ይላል፣ ኃላፊው ማነው?» የሚለው ሙግት የዚያው የልጅ ልጅ ነው።

አንቀጽ 735

ጥሩ ጀምረሃል፤ ከሕጉ በኩል ልቀጥል። «ሐዋላ» በአማርኛ ሕግ ውስጥ ዋና ቦታው ከውጭ የሚላክ ገንዘብ እንዳይመስላችሁ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ «የሐዋላ ወረቀት» የሚል ሙሉ ክፍል አለ፤ ከአንቀጽ 735 ይጀምራል። ፈረንሳዮች «ሌትር ደ ሻንዥ»፣ እንግሊዞች «ቢል ኦፍ ኤክስቼንጅ» የሚሉት ነው። ከሱ ቀጥሎ በ823 የተስፋ ሰነድ፣ በ827 ቼክ ይመጣሉ። አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ 1243/2013) የነጋዴዎችን፣ የማኅበራትንና የኪሳራን ክፍል ሲተካ ይህን መጽሐፍ አልነካውም፤ ስለዚህ ዛሬም ይሠራል።

ተርጓሚዎቹ ቃሉን መምረጣቸው ዐዋቂነት ነው። የሐዋላ ወረቀት ውስጥ ያሉት ሰዎች «ሥርወ ቃል» የጠቀሳቸው ሦስቱ ናቸው፦ አውጪው ያዛል፣ ከፋዩ ይታዘዛል፣ ተቀባዩ ይከፈለዋል። የተስፋ ሰነድ ላይ ሁለት ሰው ብቻ ስላለ (እኔ እከፍላለሁ ባይና ተከፋይ) ሐዋላ አልተባለም። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ተማሪ ሁሉ ፈተና ላይ የሚሳሳትበት።

አንድ ወረቀት የሐዋላ ወረቀት ለመሆን ስምንት ነገር ይጠየቃል። «የሐዋላ ወረቀት» የሚለው ቃል በራሱ በጽሑፉ ውስጥ መግባት አለበት። ሁኔታ የሌለበት የተወሰነ ገንዘብ የመክፈል ትእዛዝ፣ የከፋዩ ስም፣ የሚከፈልበት ጊዜ፣ የሚከፈልበት ቦታ፣ የተከፋዩ ስም፣ የወጣበት ቀንና ቦታ፣ በመጨረሻም የአውጪው ፊርማ። ይህ ዝርዝር የተቀዳው ከ1930ው (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት ነው፤ ፈረንሳይም ጣልያንም ተመሳሳይ አላቸው።

በተግባር የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ስሙን ርእስ ላይ ብቻ ጽፈው የትእዛዙ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይረሱታል። ሁለተኛ፣ «ዕቃው በሰላም ከደረሰ ይክፈሉ» ብለው ሁኔታ ያስገባሉ፤ ያኔ ወረቀቱ ተራ ውል ይሆናል እንጂ ሐዋላ አይሆንም። ሦስተኛ፣ የገንዘቡ መጠን በአኀዝና በፊደል ሲለያይ፤ የሚጸናው በፊደል የተጻፈው ነው። የመክፈያ ጊዜ ካልተጻፈ ግን ወረቀቱ አይሞትም፣ እንደቀረበ የሚከፈል ተብሎ ይቆጠራል፤ እንዲህ ያለው ወረቀት ከወጣበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ለክፍያ መቅረብ አለበት። ይርጋውንም አትርሱ፦ «ተቀብያለሁ» ብሎ በፈረመው ላይ 3 ዓመት፣ አምጪው በጀርባ ፈራሚዎች (ወረቀቱን ለሌላ ሲያስተላልፉ ጀርባው ላይ በፈረሙት) እና በአውጪው ላይ 1 ዓመት፣ ጀርባ ፈራሚዎች እርስ በርሳቸው 6 ወር።

ካውንተር 4

ሕጉ ልክ ነው፤ ቴለር ፊት የቆመ ሰው ግን «ሐዋላ» ሲል የሐዋላ ወረቀት አስቦ አያውቅም። ባንክ ቤት ውስጥ ቃሉ በሁለት መልክ ይሠራል። አንዱ የአገር ውስጥ ሐዋላ ነው፤ አካውንት ለሌለው ሰው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚላክ፣ ተቀባዩ መታወቂያና የሚስጥር ቁጥር ይዞ የሚያወጣው። ሞባይል ባንኪንግና ቴሌብር (ከ2013 ወዲህ) ይህን ብዙ ቀንሰውታል። ሁለተኛው የውጭ ሐዋላ ነው። ይህም ራሱ ሁለት መንገድ አለው፣ ሰውም የሚያደባልቀው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ የገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት ነው። ላኪ ውጭ አገር ይከፍላል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የዌስተርን ዩኒየን 10 አኀዝ ነው፣ የመኒግራም 8። ተቀባዩ ቁጥሩን፣ የላኪውን ሙሉ ስም፣ የተላከበትን አገር፣ ግምታዊ መጠኑንና መታወቂያውን ይዞ ይመጣል። ስም ካልገጠመ እዚህ ያለው ቴለር ማስተካከል አይችልም። የፈለገ ቢለመን አይችልም፤ ማስተካከያው የሚገባው ከላኪው ወገን ነው። ስለዚህ ተቀባዩን ከማመላለስ ላኪው ደውሎ ያስለውጥ።

የስም ችግር መነሻው ሁልጊዜ አንድ ነው። የፈረንጁ ቅጽ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ የአባትን ይሞላል፣ ሌላው የአያትን፣ ሦስተኛው «ወይዘሮ»ን ስም አድርጎ ያስገባል። በዚያ ላይ የላቲን አጻጻፉ አለ፤ ጸሐይን በቲና በኤስ የሚጀምር አለ፣ በኤስ ብቻ የሚጀምር አለ። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ተቀባዩ የመታወቂያውን ወይም የፓስፖርቱን ፎቶ ይላክ፤ ላኪው ፊደል በፊደል ይቅዳ፤ የአባት ስም በመካከለኛው ሳጥን፣ የአያት በመጨረሻው ይግባ።

ሁለተኛው መንገድ ከባንክ ወደ ባንክ በስዊፍት፣ ማለትም ባንኮች መልእክት በሚለዋወጡበት መረብ ነው። የሚያስፈልገው የተቀባይ ሙሉ ስም፣ የሒሳብ ቁጥር (የንግድ ባንክ 13 አኀዝ ነው፣ በ1000 ይጀምራል)፣ የባንኩ ስምና የስዊፍት ኮድ። ኮዱ 8 ወይም 11 ፊደል ነው። የመጀመሪያዎቹ 4 ባንኩን፣ ቀጣዮቹ 2 አገሩን፣ ሌሎቹ 2 ቦታውን ያመለክታሉ፤ ተጨማሪ 3 ካለ ቅርንጫፉን ነው። የንግድ ባንክን ብትወስዱ ሲ-ቢ-ኢ-ቲ፣ ከዚያ ኢ-ቲ፣ ከዚያ ኤ-ኤ ነው። የአውሮፓ ባንክ «ኢባን (ዓለም አቀፍ የሒሳብ ቁጥር) አምጣ» ሲል መደንገጥ አያስፈልግም፤ ኢትዮጵያ ኢባን አትጠቀምም። የሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ይገባል። ኦንላይን ቅጹ አልቀበል ካለ የተመረጠው የአውሮፓ ውስጥ ዝውውር ስለሆነ ነው፤ «ዓለም አቀፍ» የሚለውን ምረጡ።

ያልተዋጠለት

ኧረ ባካችሁ! ይህን ሁሉ ፍልስፍና ትታችሁ እውነቱን ተናገሩ። ዓለም ሁሉ «ሐዋላ» ሲል ጥቁር ገበያ ማለቱ ነው። እኛ ነን ቃሉን በስህተት ባንክ ላይ የለጠፍነው። ተርጓሚው ያ ሰነድ ላይ «ሐዋላ» ብሎ ቢጽፍ ደንበኛውን ነው የሚያስጠረጥረው።

ሥርወ ቃል

መጨረሻ ላይ ያልከው ትክክል ነው፣ መሀሉ ግን አይደለም ወንድሜ። የለጠፍነው እኛ አይደለንም፤ የተለወጠው የእንግሊዝኛው ነው።

ዐረቦች ዘንድ ዛሬም ቃሉ ገለልተኛ ነው። ሪያድ ወይም ዱባይ ባንክ ገብተህ «ሐዋላ መስረፊያ» ብትል የባንክ ዝውውር ማለትህ ነው፤ ማንም አይጠረጥርህም። በገልፍ ያሉ ወገኖቻችን ደመወዝ ሲልኩ የሚሞሉት ቅጽ ላይ ያለው ቃል ይኸው ነው። ቱርክ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል፤ «ሐቫሌ» የሚሉት በአንድ ባንክ ሒሳቦች መካከል የሚደረግ ዝውውር ነው፣ ወደ ሌላ ባንክ ከሆነ «ኢኤፍቲ» ነው። የቱርክ ባንክ መተግበሪያ ከፍተህ እይ፣ ለየብቻ ተጽፈዋል። ሶማሌዎች «ሐዋላድ» ይላሉ፣ ድርጅቶቻቸውም ፈቃድ አውጥተው የሚሠሩ አሉ።

የእንግሊዝኛው ትርጉም የተቀዳው ከሕንድ ነው። እዚያ የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር በጠበቀበት ዘመን ከባንክ ውጭ የሚልኩት «ሐዋላ» ተባሉ፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፖለቲከኞችን ያነካካው የጄይን ሐዋላ ክስ ቃሉን የቅሌት ስም አደረገው። ከመስከረም 11 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደግሞ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ አነሳው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ፋትፍ፣ ማለትም ገንዘብ ማጠብን የሚከላከለው የመንግሥታት ግብረ ኃይል፣ እንዲህ ያሉ አስተላላፊዎች ፈቃድ እንዲያወጡ ወይም እንዲመዘገቡ የሚያዝ ምክረ ሐሳብ አወጣ፤ አሁን በዝርዝሩ 14ኛ ነው። የሚያስቀው ግን የአሜሪካው የ9/11 ኮሚሽን ሲመረምር ለጠላፊዎቹ የሄደው ገንዘብ በአብዛኛው በመደበኛ የባንክ ዝውውር የሄደ ሆኖ መገኘቱ ነው። ስሙን የከሰረው ግን ሐዋላ ሆነ።

ኖስትሮ

በሦስት ማዕዘኑ ልግባ፤ «ያልተዋጠለት» የሚያየው ልዩነት ያለው እዚያ ስለሆነ። ባንክም ሆነ የጥቁር ገበያ ደላላ ዶላር በሻንጣ አያጓጉዝም። ሁለቱም ዕዳ ነው የሚያዞሩት።

የባንኩ እንዲህ ነው። የአዲስ አበባው ባንክ ኒውዮርክ ወይም ፍራንክፈርት ባለ ባንክ ውስጥ ሒሳብ አለው። ይህ «ኖስትሮ» ይባላል፤ በጣልያንኛ «የእኛ» ማለት ነው። ያው ሒሳብ ከኒውዮርኩ ባንክ መዝገብ ሲታይ «ቮስትሮ» ነው፣ «የእናንተ»። ከአሜሪካ 500 ዶላር ስትልክ የላኪ ባንክ ለመካከለኛው ባንክ መልእክት ይልካል፤ መካከለኛው የአዲስ አበባውን ባንክ ኖስትሮ በ500 ያሳድጋል፤ አዲስ አበባ ያለው ባንክ ደግሞ በተቀባዩ ሒሳብ ብሩን ይመዘግባል። አንዲት ብር ኖት ውቅያኖስ አልተሻገረችም።

500 ልከህ 500 የማይደርሰውም ለዚህ ነው። የክፍያው መስክ (ኤምቲ 103 በሚባለው በቀድሞው የስዊፍት ክፍያ መልእክት 71ኤ የተባለው) ሦስት ምርጫ አለው፦ ወጪውን ሁሉ ላኪ፣ በጋራ፣ ወይም ሁሉንም ተቀባይ። ብዙ የባንክ መተግበሪያ ሳይጠይቅህ «በጋራ»ን ይመርጣል። ያኔ መካከለኛው ባንክ፣ ለምሳሌ 20 ዶላር፣ ከመንገድ ላይ ቀንሶ 480 ያሳልፋል። የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም በትክክል መግባት ያለበት ገንዘብ ከሆነ «ወጪው በላኪ» የሚለውን ምረጥ። ምንዛሪውም የሚሰላው በላክህበት ቀን ሳይሆን የተቀባዩ ባንክ ወደ ብር በሚለውጥበት ቀን ዋጋ ነው። ዓርብ ማታ የተላከ ሰኞ ሲመነዘር ዋጋው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ገንዘቡ ከጠፋ «ልኬያለሁ» የሚል ስክሪንሾት ዋጋ የለውም። ከላኪ ባንክ የመልእክቱን ቅጂ ጠይቅ፤ በተለይም 36 ምልክት ያለውን ዩኢቲአር የሚባለውን መለያ። በእሱ ገንዘቡ የትኛው ባንክ ላይ እንደቆመ ይታያል። ከኅዳር 2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ኤምቲ 103 ለድንበር ተሻጋሪ ክፍያ በአዲሱ የአይኤስኦ 20022 መልእክት ፓክስ 008 ተተክቷል፤ መለያው ግን ያው ነው።

አሁን የደላላው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው። ባንክ ዶላሩን በ100 ብር ይገዛል፣ ደላላው 110 ይላል። ላኪ ዋሽንግተን ላይ ለደላላው 1,000 ዶላር ይሰጣል፤ የደላላው ጓደኛ አዲስ አበባ ላይ 110,000 ብር ለተቀባይ ይከፍላል። ዶላሩ ዋሽንግተን ቀረ። እዚህ ያለ አስመጪ ደግሞ ዕቃ መግዣ ዶላር ውጭ ይፈልጋልና በአንድ ዶላር 115 ብር ሒሳብ ለደላላው ይከፍላል። 5,000 ብር የደላላው ነው። ዕዳው ዞረ፣ ሦስት ማዕዘኑ ተዘጋ፤ አገሪቱ ግን የዶላሩን ሽታ አላየችም።

ስለዚህ አሠራሩ አንድ ነው። የሚለየው መዝገቡ፣ ፈቃዱና ችግር ሲመጣ የምትይዘው ወረቀት ነው።

ያልተዋጠለት

እሺ፣ አሠራሩ ገባኝ። ታዲያ ተቀባዩ ብሩን በሒሳቡ ካገኘ ምን ይጎድለዋል? 10,000 ብር ተጨማሪ ማን ይጠላል?

ኖስትሮ

ደላላው ብሩን ከራሱ ሒሳብ አይከፍልም። ከማታውቀው ነጋዴ ሒሳብ ወደ አንተ ያስገባል፤ ከየት ገባ ብትባል የምታሳየው ነገር የለህም። ያ ነጋዴ በሌላ ጉዳይ ከተያዘ ከእሱ የተቀበሉ ሒሳቦች ሁሉ ተከትለው ይታገዳሉ። ገንዘብ ማጠብን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ለባንኮቹ የሰጣቸው ግዴታም አጠራጣሪ ዝውውርን ሪፖርት ማድረግ ነው፤ «ደንበኛዬ ጥሩ ሰው ነው» ብሎ ማለፍ አይችሉም። ሁለተኛ፣ ለቪዛ፣ ለቤት ግዢ ወይም ለኢንቨስትመንት «ከውጭ የገባ» የሚል ማስረጃ ባንክ አይሰጥህም፤ በመዝገቡ ከውጭ አልገባማ። ላኪው በኩል ደግሞ፣ አሜሪካ ውስጥ ገንዘብ ማስተላለፍን ንግድ አድርጎ የሚሠራ ሰው ፊንሰን (የገንዘብ ወንጀልን የሚከታተለው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት) ዘንድ ሥራ በጀመረ በ180 ቀን ውስጥ መመዝገብና በየ2 ዓመቱ ማደስ አለበት፤ ክፍለ ግዛቶቹም የየራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ። ያለ ፈቃድ መሥራት እስከ 5 ዓመት እስር ያስከትላል። «ለዘመድ ላክልን ብለውኝ ነው» እያለ የሰው ገንዘብ ሰብስቦ ኮሚሽን የሚይዝ ሰው ራሱን ደላላ ብሎ ባይጠራም ሕጉ ይጠራዋል።

ቴሌክስ

«ቲቲ» የሚለውንም ጨምሩበት እንጂ፤ አስመጪዎች ከሌሎቹ የማስመጫ ክፍያ መንገዶች፣ ከ«ኤልሲ» እና ከ«ካድ» ጋር ቀኑን ሙሉ ሲጠሩት ይውላሉ። «ቴሌግራፊክ ትራንስፈር» ነው፣ በቴሌግራፍ የተላለፈ ማለት። ቴሌግራፉ ሞቶ ስሙ ቀረ። ዌስተርን ዩኒየን በሽቦ ገንዘብ ማስተላለፍ የጀመረው በ1871 ነው፤ ቴሌግራሙን በ2006 ሲዘጋ የገንዘቡ ሥራ ቀጠለ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። ፈረንጆቹ «ዋየር» የሚሉት ያንኑ ሽቦ ነው።

በቴሌክስ (በሽቦ መልእክት በሚጽፈው ማሽን) ዘመን ትልቁ ጭንቀት «ይህን መልእክት የላከው እውነት ባንኩ ነው?» የሚለው ነበር። መፍትሔው «ቴስት» ነበር፤ ሁለቱ ባንኮች አስቀድመው የሚስጥር ሠንጠረዥ ይለዋወጣሉ፤ ለቀኑ፣ ለገንዘቡ ዓይነትና ለመጠኑ የተመደቡ ቁጥሮች ተደምረው አንድ ድምር ይወጣል፤ መልእክቱ ላይ ይጻፋል። ተቀባዩ ባንክ በራሱ ሠንጠረዥ ደምሮ ካልገጠመ አይከፍልም። በእጅ ነው የሚሰላው። ስዊፍት በ1973 በ15 አገር 239 ባንኮች ተቋቁሞ በ1977 ሥራ ሲጀምር (እ.ኤ.አ.) የገላገለው ከዚህ ድካም ነው።

ስዊፍት ገንዘብ አይይዝም፤ ፖስተኛ ነው። «በስዊፍት ገንዘቤ ተያዘ» የሚባለው ስህተት ነው፤ የያዘው ከባንኮቹ አንዱ ነው።

ካውንተር 4

ስለ ስም ካነሳን «ኤፍቲ»ን ላንሳ፤ ዛሬ ከሐዋላ ይልቅ በሰው አፍ ያለው እሱ ነው። «ኤፍቲውን ላክልኝ» ሲባል የዝውውር ደረሰኙ ቁጥር ማለት ነው፤ «ፈንድስ ትራንስፈር» ከሚለው የመጣ። ቲ24 የሚባለውን ሲስተም የሚጠቀሙ ባንኮች፣ ንግድ ባንክን ጨምሮ፣ ቁጥሩን እንዲህ ይሠሩታል፦ ኤፍቲ፣ ከዚያ የዓመቱ ሁለት አኀዝ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ከዚያ የዓመቱ ስንተኛ ቀን በሦስት አኀዝ፣ ከዚያ አምስት የተደባለቁ ፊደላትና ቁጥሮች። በጠቅላላው 12።

ለምሳሌ ኤፍቲ24211 ብሎ የሚጀምር ቁጥር የ2024 211ኛ ቀን ነው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016። (ብሩ በገበያ እንዲተመን የተደረገበት ዕለት ስለሆነ መረጥኩት። የዚያን ቀን ንግድ ባንክ ዶላሩን 74.73 ብሎ ነው የከፈተው።) ለሻጮች ይህ ጠቃሚ ነው፤ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ቀንና የኤፍቲው ቀን ካልገጠሙ የደረሰኙ ሥዕል ሐሰተኛ ነው። ከገጠሙም ግን ዕቃ አታስረክቡ። አጭበርባሪው የድሮ ትክክለኛ ቁጥር ሊጠቀም ይችላል። ሒሳባችሁን ከፍታችሁ የገባውን እዩ፤ ኤስኤምኤስም አይበቃም፣ የባንክ ስም አስመስሎ የሚልክ አለ።

በስህተት ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ የገባ ከሆነ ባንኩ ያለ ባለሒሳቡ ፈቃድ መልሶ አይቆርጥም። ኤፍቲውን ይዛችሁ በዚያው ቀን ማመልከቻ አስገቡ፤ ባንኩ ባለሒሳቡን ያነጋግራል። እምቢ ካለ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው።

አንቀጽ 735

ለፍርድ ቤቱ መነሻ የሚሆናችሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ 2164 ነው፤ የማይገባውን ክፍያ የተቀበለ ይመልሳል። ስለዚህ «ባንኩ ሳያጣራ ነው ያስገባልኝ፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም» ብሎ ማውጣት አያድንም።

ደግሞ ወደ ሥርወ ቃሉ ስመለስ፣ በሐዋላ ወረቀት ላይ ለሌላው ዋስ ሆኖ መፈረምን አውሮፓውያን «አቫል» ይሉታል። ይህም ከ«ሐዋላ» የተወሰደ ነው የሚሉ አሉ።

ሥርወ ቃል

አሉ፣ ነገር ግን ተቀናቃኝ አለው። ሌሎቹ ከፈረንሳይኛው «አ ቫል» ያመጡታል፣ «ከታች» ማለት ነው፤ ዋሱ የሚፈርመው ከግርጌ ስለሆነ። ለእኔ ሁለተኛው ያመዝናል። ሐዋላ ዕዳውን ከአንዱ አንስቶ ሌላው ላይ ይጥላል፤ አቫል ግን የመጀመሪያውን ሳያወርድ ሁለተኛ ትከሻ ይጨምራል። ድምፁ ቢመስልም ሥራው ተቃራኒ ነው። «ቼክ» ከዐረብኛው «ሰክ» ነው የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች የሚያገናኙት ከቼዝ ጨዋታ ቃል ጋር ነው።

ተርጓሚው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከጠየቅሁት በላይ አገኘሁ። ታዲያ ሰነዱ ላይ ምን ልጻፍ?

አንቀጽ 735

ሰነዱን ሳላየው፦ በባንክ የተከፈለ ከሆነ «ኢንዋርድ ረሚታንስ» ብለህ ጻፍ፤ ከውጭ የገባ ሐዋላ ማለት ነው። አጠገቡ «ሐዋላ»ን በላቲን ፊደል አትድገም። ተቆጣጣሪው የባንክ ሠራተኛ አጠራጣሪ ቃላትን የሚፈልግለት ሶፍትዌር አለው፤ ቃሉን ካገኘ ሰነዱ ለብቻ ተለይቶ ይቆማል። ሌላ ሰነድ ላይ «የሐዋላ ወረቀት» ካጋጠመህ ቢል ኦፍ ኤክስቼንጅ ነው፤ «የፖስታ ሐዋላ» ከሆነ ፖስታል መኒ ኦርደር። ጽሑፉ ስለ ደላላው አሠራር የሚናገር ከሆነ ብቻ «ሐዋላ»ን እንዳለ ተወው።

ኖስትሮ

ላኪዎችም ይህን ስሙ፦ የመልእክቱ «ምክንያት» መስክ በቀድሞው ኤምቲ 103 እያንዳንዳቸው 35 ፊደል ያላቸው 4 መስመሮች ነበሩ። እዚያ ላይ «ሐዋላ ለእናቴ» ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፉ አሉ። ለእናት ወጪ ከሆነ «የቤተሰብ ድጋፍ»፣ ለትምህርት ከሆነ «የትምህርት ክፍያ» በእንግሊዝኛ ይጻፍ። እውነተኛው ምክንያት ይሁን፤ የተቀባዩ ባንክ ሲጠይቅ ሁለታችሁም አንድ መልስ ነው መስጠት ያለባችሁ።

ተርጓሚው

ደረሰኙ የባንክ ማኅተም፣ የስዊፍት ማጣቀሻና የምንዛሪ ዋጋ አለው። «ኢንዋርድ ረሚታንስ» ብዬ አስገብቼዋለሁ። ማኅተሙ ላይ ያለውን «የሐዋላ ክፍል»ስ?

አንቀጽ 735

«ረሚታንስ ዲፓርትመንት»። ማኅተሙንም ተርጉመው፤ ያልተተረጎመ ማኅተም ሰነዱን ያስመልሰዋል።